«ክብደት ቀንሱ» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም፤ ይደወልልን በሉ!



ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ብዙዎቻችሁ ከሐኪም ቤት የምትወጡት ሁለት ነገር ይዛችሁ ነው። አንደኛው የመድኃኒት ማዘዣ ነው። ሁለተኛው «ክብደት ቀንሱ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና ለስንት ቀን እንደሆነ ተጽፏል። «ክብደት ቀንሱ» የሚለው ላይ ግን ምንም የለም። ስንት ኪሎ? እንዴት? በማን እርዳታ? እስከ መቼ? ከሦስት ወር በኋላ ለቀጠሮ ስትመለሱ ሚዛኑ ያንኑ ቁጥር፣ አንዳንዴም የባሰውን ያሳያል። ያው ዓረፍተ ነገር ይደገማል። ታካሚው ያፍራል፣ ሐኪሙ ይሰላቻል፣ በሽታው ግን ሥራውን አያቆምም።

አቋሜን ከወዲሁ በግልጽ ላስቀምጥ። ክብደት ለመቀነስ የሚረዳው ሕክምና ተከታታይ ምክርና ክትትል ነው። ይህ ክትትል ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ባለው ተራ ስልክ ሊሰጥ ይችላል። አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ ማሽን አይጠይቅም። ስለዚህ ሐኪም ቤቶች ለታካሚዎቻቸው መደወል አለባቸው፤ እናንተም ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ማስረጃው ምን ይላል?

በአሜሪካ ባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አካሂደው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አሳትመዋል። በጥናቱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 415 አዋቂዎች ተሳትፈዋል። አማካይ ክብደታቸው ወደ 104 ኪሎ ነበር። ሁሉም ከውፍረቱ ሌላ ቢያንስ አንድ ለልብ በሽታ የሚያጋልጥ ችግር ነበረባቸው። ከዚያም በዕጣ በሦስት ቡድን ተከፈሉ።

👉 የመጀመሪያው ቡድን አጠቃላይ መረጃ ተሰጥቶት «በራሳችሁ ሞክሩ» ተባለ።

👉 ሁለተኛው ቡድን አማካሪውን በአካል አላገኘም። በስልክ ይደወልለታል፤ ክብደቱን በኢንተርኔት ይመዘግባል፤ በኢሜይል ማስታወሻ ይደርሰዋል።

👉 ሦስተኛው ቡድን ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ በአካል እየተገናኘ ይመከራል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመዘኑ የመጀመሪያው ቡድን በአማካይ የቀነሰው 0.8 ኪሎ ብቻ ነበር። በስልክ የተመከረው ቡድን 4.6 ኪሎ ቀነሰ። በአካል የተመከረው ደግሞ 5.1 ኪሎ። በስልክና በአካል መካከል ያለው የግማሽ ኪሎ ልዩነት በስታቲስቲክስ ስሌት ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። ከመነሻ ክብደታቸው 5 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱትም በራሳቸው ከሞከሩት 18.8 በመቶ፣ በስልክ ከተመከሩት 38.2 በመቶ፣ በአካል ከተመከሩት 41.4 በመቶ ነበሩ።

ሳላጋንን ልናገር። ስልኩ ብቻውን አልሠራም። መዝገብ ነበረ፤ የራሳቸው ሐኪምም ሂደታቸውን እያየ ያበረታታቸው ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም 5 በመቶ መድረስ አልቻሉም። ቢሆንም «በራሳችሁ ሞክሩ» ከተባሉት ጋር ሲነጻጸሩ የተሳካላቸው በእጥፍ ይበልጣሉ። በእጥፍ የሚሻል መድኃኒት ቢኖር ሐኪሙ ሳያዝላችሁ ይቀር ነበር?

የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ዓይነቱን ምክር ለሕዝቧ በነፃ በስልክ መስጠት ጀምራለች። በስድስት ወር ውስጥ እስከ አሥር ጥሪ ነበር። ፕሮግራሙን የጨረሱት ሰዎች በአማካይ ወደ 4 ኪሎ ቀንሰዋል፤ የወገባቸው ዙሪያም በ5 ሴንቲ ሜትር ጠቧል።

«አራት ኪሎ ብቻ?»

ይህን እንደምትሉ አውቃለሁ። ለአዲስ አበባ ሰው አራት ኪሎ የሰፈር ስም እንጂ ትልቅ ቁጥር አይደለም። በቴሌግራም የሚለጠፈው ማስታወቂያ በአንድ ወር 15 ኪሎ ቃል በሚገባበት ዘመን አራት ኪሎ ያስቃል።

ግን አካላችሁ የሚቆጥረው እንደ ማስታወቂያው አይደለም። በአሜሪካ ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ታላቅ ጥናት አለ። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 5.6 ኪሎ ነው። በተከታታይ ምክር የተደገፈው ይህ ቡድን በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። ምክሩ በአብዛኛው የተሰጠው በአካል ቢሆንም መልእክቱ አይቀየርም፤ በመስታወት የማይታዩ ጥቂት ኪሎዎች በደም ውስጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ።

ደም ግፊትም እንዲሁ ነው። በአማካይ አንድ ኪሎ በቀነሳችሁ ቁጥር የላይኛው የግፊት ቁጥር ወደ አንድ ነጥብ ገደማ ይወርዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለክብደት የተነገረ ይመስላል።

የማቅጠኛ ሻይ ሻጩ ይደውላል

የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ለታካሚዎቹ የማይደውል ሐኪም ቤት ሞልቷል፤ ለደንበኛው የማይደውል የማቅጠኛ ሻይ ሻጭ ግን የለም። «ማሬ፣ ጀመርሽው? ስንት ቀነስሽ? አይዞሽ፣ ሁለተኛውን ፓኬት ልላክልሽ?» ይላል። በሳምንቱ እንደገና ይደውላል። ሰው ብቻውን ሲሆን እንደሚደክም፣ የሚጠይቀው ሲኖር እንደሚበረታ ገብቶታል። ዕቃው መጥፎ ነው፤ ዘዴው ግን ትክክል ነው።

ዕቃው ምን ያህል መጥፎ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ እወቁ። ሲቡትራሚን የተባለ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ የማስከተል ሥጋት ስላለው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ በርካታ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ይህ መድኃኒት ሳይገለጽ ተደብቆ እንደተገኘ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ደም ግፊት ያለባት እናት «ቅጠል ነው» ተብላ እንዲህ ያለውን ነገር በየጠዋቱ ብትጠጣ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ይህች እናት ወደ ሻጩ የሄደችው ሞኝ ስለሆነች አይደለም። እኛ ጋ ያላገኘችውን «እንዴት ሆንሽ?» የሚል ድምፅ እሱ ዘንድ ስላገኘች ነው።

መደወል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም

«ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» ለሚሉ መልስ አለኝ። 952ን ታስታውሳላችሁ? ወገን የኤድስ የስልክ መስመር ይባል ነበር። ፊት ለፊት ለመናገር የሚከብደውን ጥያቄ ሕዝባችን በነፃ ስልክ ጠይቆ ምክር አግኝቶበታል። በኮቪድ ጊዜም 8335 ላይ ስንቱ ደውሏል።

ክትትሉንም እናውቀዋለን። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከቀጠሮው ሲቀር ይደወልለታል፤ ካልተገኘም ይፈለጋል። የቲቢ ታካሚ ሲያቋርጥም እንዲሁ። ስለዚህ መዝገብ መያዝ፣ ስልክ ቁጥር መቀበል፣ የጠፋን ሰው መፈለግ የጤና ተቋሞቻችን ያውቁበታል። ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለውፍረት ታካሚ ሲሆን ነው ስልኩ የሚዘጋው። ይህን ሰው ግን ስትሮክ ከጣለው በኋላ አምቡላንስ እንጠራለታለን።

የስልክ ምክር ስብከት አይደለም

ብዙ ሰው ምክር ሲባል የሚታየው ቁጣ ነው። «እንጀራ አቁሚ! ሥጋ ተይ! ሩጪ!» ይህ ምክር አይደለም። በሙያው የሠለጠነ ሰው የሚደውለው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

— እናቴ፣ ሰላም ዋሉ? ባለፈው ሳምንት የሻይዎን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ሊያወርዱ ተስማምተን ነበር። እንዴት ሆነ?

— ቤት ስሆን ተሳክቶልኛል። ሥራ ቦታ ግን ስኳሩ ገብቶበት ነው የሚመጣው።

— ምን ቢያደርጉ ይቀልዎታል?

— ልጅቷን «ስኳሩን ለብቻ አምጪልኝ» ብላትስ?

— ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገ ይሞክሩትና ማክሰኞ ስደውል ይነግሩኛል። ሚዛኑስ?

— ሰማንያ ሁለት ተኩል።

— ባለፈው ሰማንያ ሦስት ነበር። ይጻፉት።

አያችሁ? ማንም አልተቆጣም። መፍትሔውን ያመጡት ራሳቸው እናት ናቸው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ ለሚጠጣ ሰው ይህች ለውጥ በቀን ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ታስቀራለች፤ ይህም ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ስኳር ጋር የሚቀራረብ ነው። በሚቀጥለው ጥሪ ስለ ወጥ ዘይት ይወራል። ዘይት ከጠርሙሱ ሲንቆረቆር አይቆጠርም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ግን ወደ 120 ካሎሪ አለው። በማንኪያ መለካት ስትጀምሩ ሽሮው ስንት እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ጾም ይወራል፤ ጾም ነው ተብሎ ቀኑን በሳምቡሳና በቦምቦሊኖ ስለሚውለው ሰው። ከዚያም ስለ በዓል ሰሞን። እንጀራ ተው የሚል የለም።

በባልቲሞሩ ጥናት ጥሪው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ነበር። በሁለት ዓመት ሲደመር 33 ጥሪ ይሆናል። እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ቢወስድ ጠቅላላው 11 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በሐኪም ቤት ወረፋ በዓመት የሚያባክነው ከዚህ ያንሳል?

ለሚነሱ ተቃውሞዎች

*«ሐኪም ጊዜ የለውም።»* እውነት ነው። ግን ሐኪም ይደውል አላልኩም። በባልቲሞርም የደወሉት ለዚሁ የሠለጠኑ አማካሪዎች ነበሩ። ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ሠልጥነው ይችሉታል።

*«ኔትወርክ የለም፤ ካርድ ማን ይሞላል?»* ደዋዩ ሐኪም ቤቱ ስለሆነ ታካሚው ካርድ አያወጣም። ኔትወርክ ከተቆረጠ ማታ ይደወላል። በአካል ለመምጣት የሚወጣው የትራንስፖርት ገንዘብና የሚቀረው የሥራ ቀን ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

*«የእኛ ችግር ረሃብ ነው፤ ውፍረት የሀብታም ነው።»* ረሃቡ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 8 በመቶዎቹ ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው። በከተማ ቁጥሩ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ለእኛ ምርቃት ስለሆነ ብዙዎች መታመማቸውን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

*«ፍላጎት ካለው በራሱ ይቀንስ።»* በራሳቸው እንዲሞክሩ የተተዉት በሁለት ዓመት 0.8 ኪሎ መቀነሳቸውን አይተናል። ሁሉም በፈቃዳቸው ጥናቱን የተቀላቀሉ፣ ፍላጎት የነበራቸው ሰዎች ናቸው።

*«አሁን እኮ መርፌው መጥቷል።»* አዎ፣ ሴማግሉታይድ ጠንካራ መድኃኒት ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደት ሲያስቀንስ፣ ባዶ መርፌ የተሰጣቸው 2.4 በመቶ ቀንሰዋል። ከስልክ ምክር በላይ ይሠራል፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ግን ሁለቱም ቡድኖች በየአራት ሳምንቱ ምክር ያገኙ ነበር። መርፌውን ያቆሙት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ዋጋውንም ታውቁታላችሁ። መርፌውን የምትወስዱ ቢሆንም ምክሩ ያስፈልጋችኋል፤ ለማትችሉት ደግሞ ምክሩንም መንፈግ ግፍ ነው።

ወላጆች፣ ይህን ልብ በሉ

የማወራው ስለ አዋቂዎች ነው። ልጃችሁን ሚዛን ላይ እያቆማችሁ አትቆጡ፤ በወንድሞቹ ፊት «ወፍራሙ» አትበሉት። ልጅ እያደገ ስለሆነ ክብደቱ የሚታየው ከዕድሜውና ከቁመቱ ጋር ነው፤ ያሳሰባችሁ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ነገር ግን እናትና አባት በስልክ ተመክረው ለስላሳውን ከማዕድ ሲያነሱ፣ ዘይቱን በማንኪያ ሲለኩ፣ ከእራት በኋላ በእግር ዞር ዞር ሲሉ ልጁ ማንም ሳይቆጣው አብሮ ይለወጣል።

ስልክ ብቻውን የማይበቃቸው

⚠️ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ክብደት ከመቀነስ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

⚠️ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የምትወስዱ፣ ምግብ ስትቀንሱ ስኳራችሁ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል መድኃኒቱ አብሮ መስተካከል አለበት። በራሳችሁ ግን አታቁሙ።

⚠️ ሳትፈልጉ ክብደታችሁ እየቀነሰ ከሆነ፣ ደረታችሁን የሚያማችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ በአካል ታዩ።

⚠️ ከበላችሁ በኋላ ሆን ብላችሁ የምታስመልሱ ወይም በጭንቀት ከመጠን በላይ የምትበሉ ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋችኋል። ይህ አያሳፍርም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ትላላችሁ?

ሐኪሙ «ክብደት ቀንሱ» ሲላችሁ አንገታችሁን ነቅንቃችሁ አትውጡ። በትህትና እነዚህን ጠይቁ፦

1. ግቤ ስንት ኪሎ ነው? እስከ መቼ? (ለብዙዎች ከ5 እስከ 7 በመቶ ጥሩ ጅማሬ ነው።)

2. ማን ይከታተለኛል? ስሙንና ስልኩን ልያዝ።

3. በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሳምንቱ ሊደወልልኝ ይችላል? በየትኛው ቀን?

4. ክብደቴን የትና መቼ ልመዘን? (ቤት ሚዛን ከሌላችሁ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆችም ይሆናሉ። ዋናው ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ በቀላል ልብስ መመዘንና በደብተር መጻፍ ነው።)

«እንዲህ ያለ አገልግሎት የለንም» ቢሏችሁ «ታዲያ ጀምሩልን» በሉ። የአስተያየት መስጫ ሳጥን ካለ ጽፋችሁ ክተቱ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ዝም ይባላል፤ ሃምሳ ሰው ሲጠይቅ አንድ ነርስና አንድ ስልክ ይመደባል።

እስከዚያው እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ከጎረቤት፣ ከዕድር ወይም ከሥራ ባልደረባ አንድ ሰው ምረጡና ቀን ቁረጡ። በየሳምንቱ አንዳችሁ ለሌላችሁ ደውላችሁ ሦስት ነገር ብቻ ተጠያየቁ፦ ሚዛኑ ስንት ነው? የተስማማነው እንዴት ሆነ? ለሚቀጥለው ሳምንት ምን እንሞክር? ይህ የሠለጠነ ባለሙያን አይተካም፤ ከብቸኝነት ግን ይሻላል።

በውጭ አገር የምትኖሩ ልጆችም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላችሁ። እሁድ እሁድ ለእናታችሁ ስትደውሉ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ከማለት ጋር «በዚህ ሳምንት በእግርሽ ስንት ቀን ሄድሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ስለ ራሳችሁ አስቡ። የአገሪቱ የመከላከያ ሕክምና አማካሪ ቡድን በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቢኤምአይ 30ና ከዚያ በላይ ለሆነ አዋቂ ሁሉ ሐኪሙ ጠንከር ያለ የባሕርይ ለውጥ ምክር እንዲሰጥ ወይም እንዲልክ መክሯል። ቢኤምአይ ማለት ክብደታችሁን በኪሎ ወስዳችሁ በሜትር ለተለካ ቁመታችሁ ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ሐኪማችሁን በስልክ ወይም በኢንተርኔት የሚሰጠውን ጠይቁት፤ ካላነሱት አያነሳላችሁም።

በእናንተ ሐኪም ቤት ተደውሎላችሁ ያውቃል? አዎም ይሁን አይ፣ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። የሐኪም ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ጽሑፉ የሚጠቅመው ሰው ካለ አጋሩለት፤ በተለይ የማቅጠኛ ሻይ ለማዘዝ እየተዘጋጀ ላለ ሰው ዛሬውኑ ላኩለት።

ጤና ይብዛላችሁ።